የአቤል ተስፋዬ ዘፈኖች ጨለማ፦ ልጄ ምን እየሰማች ነው?

የስካርቦሮ_እናት
ሰላም ለዚህ ቤት። ለዓመታት አነባችኋለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ልጄን ከመረብ ኳስ ልምምድ ይዣት ስመለስ መኪና ውስጥ የራሷን ሙዚቃ ከፈተች። 15 ዓመቷ ነው። እኔ መንገዱን እንጂ ዘፈኑን ልብ አላልኩትም። ሊያልቅ ሲል ግን አንዲት ሴት በአማርኛ «እወድሃለሁ፣ የኔ ቆንጆ» ስትል ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ዘፈን ውስጥ የእናቴ ቋንቋ! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። «ይሄ ማነው?» ስላት «አቤል ነው፣ ዘ ዊኬንድ፤ እዚሁ ስካርቦሮ ያደገ የሀበሻ ልጅ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ድገሚው አልኳት። ሦስት ጊዜ ሰማነው።

የኔ እንግሊዝኛ ለሥራና ለሐኪም ነው የሚበቃው። ማታ ግጥሙን ከኢንተርኔት አውጥቼ ቃል በቃል ስፈታው ሆዴ ባባ። ሰውየው ተደብቆ ሰው ቤት የሚሄድ ነው፤ እውነተኛው እኔ የምወጣው ስሰክር ነው ይላል። ያቺ የአማርኛ ቃል የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ ሌሎቹንም ፈለግኩ። «ካንት ፊል ማይ ፌስ» (ፊቴ አይሰማኝም) የሚባለውን ልጄ ትንሽ ሳለች ልደቷ ላይ እጇን ይዤ ጨፍሬበታለሁ። እሱ ደግሞ ስለ ኮኬይን ነው አሉኝ።

ሙዚቃ የምታውቁ፣ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ንገሩኝ። ይህ ልጅ ምን እያለ ነው? ልከልክላት? እሱን ግን አትስደቡብኝ። እናቱም እንደኔው ከአገሯ ወጥታ እዚህ በረዶ ላይ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት።

ዳውንታውን_ልጅ
እትዬ፣ እኔ 26 ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ቶሮንቶ ነው የተወለድኩት። አማርኛዬ ከተሳሳተ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ሰው ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ስለሰማሁት የማውቀውን ልንገርዎት። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1990 ነው። አባቱ ትንሽ ሳለ ነው የሄደው፤ ያሳደጉት እናቱና አያቱ ናቸው። አማርኛ አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው፣ ከአያቱ ነው የተማረው። ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛው ጋር ፍራሹን ይዞ ከእናቱ ቤት ወጣና አልተመለሰም። «ዊኬንድ» የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው። ፊደል የቀነሰበት በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ የካናዳ ባንድ ስለነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ፓርክዴል በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ውስጥ ኪራይ ቤት፣ ዕፅ፣ ድግስ፣ ረሃብ ነው። በመጋቢት 2011 «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» የሚለውን የመጀመሪያ ሥራውን ፊቱን ሳያሳይ፣ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። የፊኛዎቹ ቤት ማለት ያ ቤት ነው። ድግስ ሲያደርጉ ቤቱ እንዳያስጠላ ፊኛ ይሰቅሉበት ነበር። እኔ ያንን ስሰማ ደስታ አልሰማሁበትም። የደከመው ሰው ድግስ ነው። ጠዋት ሁሉም ሄዶ ወለሉ ላይ የቀረው ፊኛ ነው የሚታየኝ።

ስለዚህ «ጨለማው» ታዋቂ ሲሆን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ጨለማው ነበር፣ የሚያስጨፍረው ዜማ በኋላ መጣ።

አባወራ_77
እህቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። የቤቱ ሕግ የአንቺ ነው፤ ከልክያት። እኛ ስንለምናቸው እነሱ ይወስኑ ጀመር።

ክራር_ደርዳሪ
ጋሼ አባወራ፣ ጆሮ ማዳመጫ ባለበት ዘመን ምን ይከለከላል? እኔ ከሙዚቃው ልጀምር።

ይህ ልጅ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረው ቤታቸው አስቴር አወቀና ሙላቱ አስታጥቄ ሁልጊዜ ይደመጡ ነበር፤ በድምፄ ውስጥ ያለው ስሜት ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ራሱ መስክሯል። በትዝታ ቅኝት ይዘፍናል አልልም፣ አይዘፍንም። ቅላጼውን ግን ስሙት። አንዱን ፊደል ይዞ ወደ ላይ ይወስደውና እዚያ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲያወርደው ቀጥ አድርጎ አያወርደውም፣ እየሰበረ ነው። ቃሉ ሳያልቅ ድምፁ ያለቅሳል። እኛ ቤት እንጉርጉሮ የሚባለው ይኼው ነው። የአስቴርን አዘፋፈን በልጅነቱ የጠጣ ሰው ካልሆነ ይህ ከየት ይመጣል?

ልጆቻችን ግጥሙን ወደውት ብቻ አይደለም የሚሰሙት። እናታቸው ወጥ ቤት ሆና ስታንጎራጉር የሰሙትን ድምፅ ነው በእንግሊዝኛ ያገኙት። አንቺንም መኪና ውስጥ ውርር ያደረገሽ የአማርኛዋ ቃል ብቻ አይመስለኝም፤ ቃሏ ከመምጣቷ በፊት ድምፁ አዘጋጅቶሽ ነበር።

ሌላው ዜማና ቃል ሆን ብለው የሚጣሉ መሆናቸው ነው። «ብላይንዲንግ ላይትስ»ን ውሰዱ። በደቂቃ 171 ምት ነው፣ ፈረስ ግልቢያ በሉት። የ1980ዎቹ ሲንተሳይዘር አለበት፣ ሰርግ ላይ ሳይቀር ይጨፈርበታል። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 90 ሳምንት የቆየ፣ በስፖቲፋይ ከ4 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የተደመጠ ዘፈን ነው። ስለ ምንድን ነው? ብቸኝነት አላስቀምጥ ያለው ሰው ሰክሮ ሌሊት መኪና ይነዳል፤ የመንገዱ መብራት ዓይኑን ያጠፋዋል። ዘፋኙ ራሱ በ2020 ለአንድ መጽሔት ሲያስረዳ ጠጥቶ መንዳትን ማበረታታት እንደማይፈልግ፣ ከዜማው ሥር ያለው ጥቁር ነገር ግን ይኸው እንደሆነ ተናግሯል። «አፍተር አወርስ» አልበም ላይ ደግሞ ከሱ ፊት ያለችው ዘፈን «ፌይዝ» ናት። እምነት ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ ሰውየው ዕፁ አሸንፎት መብራት በሚብለጨለጭ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው፣ ሳይረን ይሰማል። ያ ሳይረን ሳይጠፋ ነው ሚሊዮኖች የሚጨፍሩበት ዜማ የሚገባው። ለብቻው በሬዲዮ ሲሰማ ይህ አይታወቅም። አልበሙን በተርታ የሰማ ሰው ግን መብራቱ የመንገድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሰምና ወርቅ ነው በአጭሩ። ፍቅረኛ እያለ ዕፁን፣ መብራት እያለ አደጋውን።

የቅኔ_ደጅ_ጠኚ
ወንድሜ ክራር፣ ስለ ድምፁ ያልከውን ተቀብያለሁ። ሰምና ወርቅ ያልከው ላይ ግን እንቆይ። ያገኘነውን ድርብ ትርጉም ሁሉ ሰምና ወርቅ እያልን ነው፣ ቃሉ ረከሰ።

ባለቅኔ ወርቁን የሚቀብረው ሰሚው እንዲቆፍር ነው። ጉባኤው ተቀምጦ «ይበል» ብሎ ይቀበለዋል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ መምህሩ ይፈታዋል። ወርቁ ሳይወጣ የቀረ ቅኔ እንደተነገረ አይቆጠርም። «ካንት ፊል ማይ ፌስ» ላይ የሆነው ሌላ ነው። ሴትዮዋ ሰም ናት፣ ኮኬይኑ ወርቅ ነው እንበል። ፊት መደንዘዝ፣ ታጠፋኛለች እያወቅሁ እወዳታለሁ ማለት፣ ይህ ሁሉ በደንብ የተሠራ ነው። ግን ማን ቆፈረ? በ2016 የኒኬሎዲዮን የልጆች ምርጫ ሽልማት ላይ ለተወዳጅ ዘፈንነት ታጨ። የልጆች! እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘፈን ላይ በነገሩ መገረሙን ገልጿል። ሰሙ ወርቁን ዋጠው ማለት ነው። እህታችን ልደት ላይ የጨፈረችበት በእሷ ጥፋት አይደለም፤ ዘፈኑ እንዳይቆፈር ተደርጎ ስለተለበጠ ነው።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ጨለማን መዝፈን ነውር የለበትም። ሙሾ አውራጆቻችን ከዚህ የባሰ ጨለማ በአራት ስንኝ ያወርዱ ነበር። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ሆነው፣ የሚያለቅስ ሰው ፊት ለፊት፣ ለቅሶ መሆኑ ታውቆ ነው።

ክራር_ደርዳሪ
ይህን አልክድም። ቃሉን መልሼ ወስጃለሁ። ድርብ ትርጉም ነው፣ ቅኔ አይደለም።

ነርስ_ከቫንኩቨር
ከዕፅ ጋር በሚታገሉ ሰዎች ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወገን ልናገር።

በመጀመሪያ ፊት መደንዘዝ የተባለው ግጥም ብቻ አይደለም። ኮኬይን የነካውን ቦታ ያደነዝዛል፤ ድሮ ሐኪሞች ለማደንዘዣ ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ ትክክለኛ ምልክት ነው የሚናገረው፣ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ የማያቸው ልጆች በዘፈን ምክንያት ዕፅ የጀመሩ አይደሉም። አንድም እንዲህ ያለኝ የለም። የሚሉት «ብቻዬን ነበርኩ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ አልነበረም» ነው። ዘፈኑ የሚመጣው በኋላ ነው፤ የሚሰማቸውን ስም የሚሰጥላቸው ሲያገኙ ይይዙታል። አንድ ልጅ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስገባ የዚህን ዘፋኝ ዘፈን እየሰማ ያለቅስ ነበር። ቁጭ አልኩ። ዘፈኑ ባይኖር ያን ሌሊት ምን ብዬ ወሬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ያሳስበኛል። እሱ የዘፈነበት ዘመንና የዛሬው አንድ አይደለም። እዚህ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚያዝያ 2016 የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ የታወጀው ፌንታኒል የሚባለው እጅግ ኃይለኛ ማደንዘዣ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ዕፅ ስለበከለው ነው። በ2011 ዘፈን ውስጥ አንድ ሌሊት ተዝናንቶ ጠዋት ራስ ምታት ይዞት የሚነሳው ሰው ዛሬ ላይነሳ ይችላል። ለልጅሽ የምትነግሪያት ካለ ይህንን ንገሪያት፤ ዘፈኑን ከማጥፋት ይህ ይበልጣል። ፌንታኒል የወሰደን ሰው ከሞት የሚመልሰው ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒትም ፋርማሲ ውስጥ በነጻ ይገኛል። ቤት ማስቀመጥ ኃፍረት አይደለም።

እሱም ቢሆን በ2021 ለመጽሔት ሲናገር ከባዱን ዕፅ እንደተወ ገልጿል። ያስፈልገኛል ብዬ አስብ ነበር፣ እንዳያስፈልገኝ የሚያደርገውን ሥራ ግን አልሠራሁም የሚል ይዘት ያለው ነገር ነው ያለው። ይህን አንቀጽ አትሜ ለታካሚዎቼ አንብቤላቸዋለሁ።

ቦሌ_መድኃኔዓለም
ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ የሱ ዘፈን ካፌውም ክለቡም ታክሲውም ውስጥ አለ፤ ቃሉን የሚከታተል ግን ጥቂት ነው። «የኛ ልጅ ነው» ብለን ነው የምንሰማው። በ2021 የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ) መድረክ ላይ በቀይ ኮቱ ሲወጣ ጎህ ሊቀድ ሲል ተነስተን በስልክ ያየነው ጓደኞቼና እኔ ነን። ከኋላው ፊታቸው በፋሻ የተጠቀለለ ብዙ ሰዎች ሲጨፍሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማናችንም አልገባንም። የሚያውቅ ካለ አስረዱኝ።

ዳውንታውን_ልጅ
ወንድሜ፣ ፋሻው ከ2020 ጀምሮ የሄደ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ፊቱ ተደብድቦ ታየ፣ ቀጥሎ በኅዳር ሽልማት ላይ ሙሉ ፊቱ ተጠቅልሎ መጣ፣ በጥር 2021 ቪዲዮ ላይ ፋሻው ሲወልቅ ከንፈሩና ጉንጩ በቀዶ ሕክምና የተነፋ መስሎ ወጣ። ሜካፕ ነው። ለሰው ዓይን ብሎ ራሱን የሚያበላሸውን የሆሊውድን የዝና ባህል ለማሳየት እንደሆነ ተናግሯል። ለዚያ መድረክ ከኪሱ 7 ሚሊዮን ዶላር ጨምሯል ተብሏል። ያ ሁሉ ሰው የሱን ኮት ለብሶ የሱን ፋሻ ተጠቅልሎ ሲሮጥ እኔ ያየሁት እሱን ለመምሰል ራሳቸውን የሚጎዱትን ነው። ጨለማው በዚያ ዘመን ከዕፅ ወደ ዝና ዞሯል።

አወያይ
ስለ ዘፋኙ ዘር የተጻፉ ሁለት መልሶችን አንስቻለሁ። ርዕሱ ዘፈኑ ነው። በ2021 በጦርነቱ ጊዜ ለአገሩ ሰው በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል 1 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ዘር አልጠየቀም፤ እኛም እዚህ አንጠይቅ።

ዝምታ_ይበቃል
እስካሁን ያልተነሳ ነገር ላንሳ። ዘፈኖቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች የት ናቸው?

ሁላችሁም ስለ እሱ ሥቃይ፣ ስለ እሱ ብቸኝነት፣ ስለ እሱ ዕፅ ነው የምትጽፉት። የመጀመሪያው አልበም የሚከፈተው «ሃይ ፎር ዚስ» በሚባል ዘፈን ነው። አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ያባብላል፤ አትፍሪ፣ አለሁልሽ፣ ለሚመጣው ነገር ግን መመርቀን አለብሽ ይላታል። ዜማው ልብ ይሰርቃል። ልጅቷ ግን አንድ ቃል አትናገርም። ፈለገች? ፈራች? ስሟ ማነው? የእህታችን ልጅ 15 ዓመቷ ነው። እኔ የሚያስፈራኝ ኮኬይኑ ሳይሆን ይህ ማባበል ነው፤ ምክንያቱም ኮኬይንን ልጆቻችን አይተው ላያውቁ ይችላሉ፣ ይህን ማባበል ግን አንድ ቀን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሰሙታል።

ዕድሜው ሲጨምር ተለወጠ ይባላል። በ2023 የተሳተፈበት ተከታታይ ድራማ ላይ ሴቷን ያሳዩበት መንገድ ብዙ ተቺዎችን አስቆጥቷል፤ የተላለፈውም አምስት ክፍል ብቻ ነው። እኔም አይቼ አልጨረስኩትም። ድምፁን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ስወደው ነው የምቆጣው።

ከደብር_ደጅ
በቅድሚያ ለእህታችን ለጥያቄዋ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ዘፈን የምሰማ ሰው አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ግን «ጋሼ፣ ይህን አንተ ነህ የምትፈታው» ብሎ «ዶውን ኤፍኤም» የተባለውን አልበም አሰማኝ፣ እኔም ከጀመርኩት አይቀር ጨረስኩት።

የወጣው ጥር 7 ቀን 2022 ነው። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት። አልበሙ የሞተ ሰው ታሪክ ነው። ዘፋኙ እንዳስረዳው ሰውየው ዋሻ መንገድ ውስጥ በመኪና ጭንቅንቅ ቆሟል፣ ከወዲያ ማዶ ብርሃን አለ፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ድምፅ ወደ ብርሃኑ ይመራዋል። ያ ድምፅ ጂም ኬሪ የሚባለው ተዋናይ ነው። ካቶሊኮች መንጽሔ የሚሉት ነው ነገሩ። በእኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲህ ያለ መካከለኛ ቦታ የለም፤ ያለን ፍትሐትና ተዝካር ነው። ልጁ ያን ሐሳብ ካደገበት አገር ነው የወሰደው። ግን ሰውየው ዋሻው ውስጥ ምን ያደርጋል? ያጠፋውን ይቆጥራል። በመካከል ኩዊንሲ ጆንስ የሚባለው የሙዚቃ አቀናባሪ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልጅ ሳለ እናቱን በአእምሮ ሕመም አስረው ሲወስዷት እንዳየና ያ ቁስል በኋላ ከሴቶችና ከልጆቹ ጋር የነበረውን ኑሮ እንዴት እንዳበላሸ ይናገራል። ያንን ስሰማ ተቀምጬ ነበር፣ ተነሳሁ።

ወንድማችን ስለ ሙሾ ጽፏል፤ እኔ በገናን እጨምራለሁ። በዐቢይ ጾም ዓለሙ አጋን የመሰለ ደርዳሪ ስለ ሞት፣ ስለ መቃብር፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ሲያሰማ ማንም ልጆቻችን ይበላሻሉ አላለም። ጨለማ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ነበረ፤ ጊዜና ቦታ ነበረው፣ ከኋላው ትንሣኤ ነበረው። ይህ ልጅ የጾሙን ዜማ ለፋሲካ ጭፈራ አውጥቶታል፣ ቅር የሚለኝ ይኼ ነው። ሥሩ ግን የት እንደሆነ አልጠፋበትም። በ2016 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ እንዲሰጥ 50,000 ዶላር የሰጠ ሰው ነው። እኛ ስንቶቻችን ሰጠን?

ዝምታ_ይበቃል
አባቴ፣ አክብሬ ልጠይቅዎ። ከንስሐ ጋር እያያያዙት ነው። በጥር መጨረሻ 2025 የወጣው «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» እንደ ኑዛዜ ያልቃል፤ ውሸት በቃኝ፣ ስሞት ገነትን እፈልጋለሁ ይላል። ከዚያ የመጨረሻው ድምፅ ምን ውስጥ እንደሚገባ ያውቃሉ? «ሃይ ፎር ዚስ» ውስጥ! በ2011 ልጅቷን ያባበለበት የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ጋር ተገጥሟል። ተናዞ ሲጨርስ ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው አልጋ። ታዲያ ንስሐው ምኑ ላይ ነው?

ከደብር_ደጅ
ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ይላል መጽሐፉ። እኔ ንስሐ አባት ሆኜ ባላውቅም ደጁ ላይ ስኖር ያየሁት ሰው ተናዞ በወጣ በሳምንቱ በዚያው ኃጢአት ሲመለስ ነው። ይህንን ደፍሮ ያሳየ ካለ እውነት ተናግሯል። ኑዛዜው ውስጥ ግን ልጅቷ የለችም ካልሽኝ ልክ ነሽ፤ የተበደለውን ያላስታወሰ ኑዛዜ ጎዶሎ ነው። በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ።

ዳውንታውን_ልጅ
እኔ ወደ መጀመሪያው ዘፈን መመለሱን በሌላ ዓይን ነው የማየው፣ ልሳሳት እችላለሁ።

በመስከረም 2022 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት ድምፁ ጠፋ። ጥቂት ዘፈን እንደዘፈነ አቋርጦ ይቅርታ ጠይቆ ወረደ። በኋላ እንዳለው የተጎዳው ጉሮሮው ሳይሆን አእምሮው ነበር። በ2023 ደግሞ «ዘ ዊኬንድ» የሚለውን ሰው መግደል እፈልጋለሁ አለ፣ ማኅበራዊ ገጾቹ ላይም ስሙን አቤል ተስፋዬ አደረገው። «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» የዚያ ሞት ነው። «ባፕታይዝድ ኢን ፊር» የምትለው ዘፈን ላይ ገንዳ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ውኃው ሲያሰምጠው ይታየዋል። ጥምቀት ነው ስሙ፣ ግን በፍርሃት።

እንግዲህ ዘ ዊኬንድ ሞቶ ዘፈኑ ወደ 2011 ሲመለስ፣ ለኔ ያ ገነት አይደለም፣ ድጋሚ ኃጢአትም አይደለም። ሰው ሲሞት ሕይወቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልፍበታል ይባላል አይደል? አንድ ጊዜ በር ከፍቶ የገባበትን ቤት ከውጭ ሆኖ እያየው ነው። እህቴ ዝምታ ያለችው ግን ገባኝ። እኔ ያንን ዘፈን 14 ዓመት ሰምቼው የልጅቷን ዝምታ አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ስሰማው ልጨርሰው አልቻልኩም።

አባወራ_77
ሁሉንም አነበብኩ። ከልክያት ያልኩት ቸኩዬ ነው። እኔም ወንድ ልጅ አለኝ፣ ምን እንደሚሰማ ጠይቄው አላውቅም።

ነርስ_ከቫንኩቨር
የስካርቦሮ እናት፣ ከየት ጀምሪ ብትዪኝ ከመጨረሻው አልበም ጀምሪ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥራዎቹን ለጊዜው ተዪያቸው። ስትሰሙ ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ መኪና ውስጥ ወይም ሽንኩርት እየላጣችሁ። ልጅ ዓይን ለዓይን ሲያዩት አይናገርም።

የስካርቦሮ_እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ቦታ በእረፍቴ እያነበብኳችሁ ነበር። ትናንት ማታ የሆነውን ልንገራችሁ።

እንደተባልኩት ሽንኩርት ይዤ ተቀመጥኩ፣ እሷም ቢላ አነሳች። «ያን የአቤልን አዲሱን ክፈቺው፣ የመጨረሻዋን» አልኳት። ደነገጠች። መጀመሪያ ልቆጣት መስሏት «እማዬ፣ እኔ ምንም አላደርግም፣ የምሰማው ብቻ ነው» አለች። አውቃለሁ አልኳት። ከፈተችው።

እንግሊዝኛው ሲያልፈኝ እሷ በአማርኛዋ ትፈታልኛለች፤ የሚጎድላትን ቃል እኔ እሞላለሁ። ኑዛዜ የሚለውን ቃል አታውቀውም ነበር። አስተማርኳት፣ ስታነሳው «ንዑዛዜ» አለች፣ ሳቅን። ስለ ፌንታኒሉ ነገርኳት፤ ትምህርት ቤት ሰምታ ኖሮ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። ያቺ እህታችን ስለ ልጅቷ ዝምታ የጻፈችውንም አነበብኩላት። ሽንኩርቱን አቁማ ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ልክ ናት» አለች።

ከዚያ የመኪናውን ዘፈን ራሷ ከፈተች። መጨረሻ ላይ ያለውን አማርኛ ደጋግማ ሰምታው ነበር ለካ፣ ትርጉሙን ግን በግምት ነው የምታውቀው። «ሴትየዋ ከልቧ ነው የምትለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁት። እኔስ ከልቧ መሰለኝ። ይህን ስላት «እሱ ግን አልመለሰላትም» አለችኝ። ይህንን ልብ አላልኩም ነበር።

የመጨረሻዋ ዘፈን ላይ ግን አባቱ የተወውን ባዶ ቦታ ልሞላ ስሞክር ኖርኩ የሚል አለ። ልጄ እሱን ስትደርስ መፍታቱን ተወች። እኔም ፍቺልኝ አላልኳትም፤ ቃሉን ከማታ ጥናቴ አውቀው ነበር። የሷም አባት የሄደው የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ስሙ ተነስቶ አያውቅም፣ ያላነሳሁትም እኔ ነኝ።

ሽንኩርቱ አልቆ እጃችንን ስንታጠብ «እማዬ፣ አባዬ ዘፈን ይወድ ነበር?» አለችኝ።

እሱን ገና አልመለስኩላትም።